በሌላ ደራሲ ዓለም ውስጥ መጻፍ

ተማሪዎች ሆይ፣ አንድ ልብ ወለድ አልቆባችሁ ተቆጭታችሁ ታውቃላችሁን? እንግሊዛዊው ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 የታተመው «የቀለበቶቹ ጌታ» በዚሁ ቁጭት ብዙ አንባቢዎችን ጸሐፊ አድርጓል። የመጽሐፉ ወዳጆች ስለዚያ ምናባዊ ምድር ሥዕል ይሥላሉ፤ ግጥም ይገጥማሉ፤ ደራሲው በስም ብቻ ጠርቶ ላለፈው ሰው ታሪክ ይጽፉለታል፤ ሥራቸውንም እርስ በርስ ይተራረማሉ። ቶልኪን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1951 ገደማ በጻፈው ደብዳቤ፣ ከታሪኮቹ ከፊሉን ነድፎ የቀረውን ለሌሎች እጆች መተው ድሮ ያስብ እንደ ነበር ገልጿል፤ ወዲያው ግን በሐሳቡ ተሳለቀ።

እናንተ አትሳለቁበት። ከባዱ ነገር፣ ገጸ ባሕርዩ ከቀድሞ ጠባዩ ሳይወጣ አዲስ ነገር እንዲሠራ ማድረግ ነው።

መልመጃ፦ ካነበባችሁት ልብ ወለድ ስሙ አንድ ጊዜ ብቻ የተጠራ ሰው ምረጡ። «... ባይሆን ኖሮ» በሚለው አገባብ ጀምራችሁ አንድ አንቀጽ ጻፉለት። የመጽሐፉን ደራሲ ስም ጥቀሱ፤ ዐረፍተ ነገሩን ግን አትገልብጡ።