የመኪና ፍጥነት ክብረ ወሰንና የመልካ ጀብዱ አየር

ከድሬዳዋ ወጣ ብላ የምትገኘውን መልካ ጀብዱን ያየ ሰው ለጥ ያለ ሜዳዋንና ብርቱ ሙቀቷን አይዘነጋም። በዚህ ሜዳ ላይ ረጅምና ቀጥ ያለ የመሞከሪያ መንገድ ተሠርቶ፣ በአውሮፓ ክብረ ወሰን የሰበረ መኪና ቢመጣ፣ ፍጥነቱ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? ጥያቄው የጨዋታ ቢመስልም መልሱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ሊደረስበት የሚችል ነው። ደረጃ በደረጃ እንመልከተው።

ፍጥነት ምን ያህል ያስከፍላል?

በዝግታ የሚሄድ መኪና ዋነኛ ባላጋራው በጎማውና በመንገዱ መካከል ያለው ተቃውሞ ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር ግን አየር ቀዳሚውን ስፍራ ይይዛል። የአየር ተቃውሞ ከፍጥነት ካሬ ጋር ያድጋል። ከሞተሩ የሚፈለገው አቅም ደግሞ ተቃውሞው በፍጥነቱ ተባዝቶ የሚገኝ በመሆኑ ከፍጥነት ኩብ ጋር ያድጋል። ስለዚህ አየርን እየሰነጠቁ ፍጥነትን እጥፍ ለማድረግ ስምንት እጥፍ አቅም ያስፈልጋል።

ይህን በምሳሌ እንፈትሽ። እ.ኤ.አ. በ2005 ቡጋቲ ቬሮን በ1,001 የፈረስ ጉልበት በሰዓት 407 ኪ.ሜ. ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2019 የዚሁ ኩባንያ ሌላ መኪና፣ ሺሮን፣ 490.48 ኪ.ሜ. ደረሰ። በኩቡ ሕግ መሠረት 1,750 ያህል የፈረስ ጉልበት ያስፈልገው ነበር፤ የነበረው ግን 1,600 ገደማ ነው። ጉድለቱን ለመሙላት ከረዱት ነገሮች አንዱ የመኪናው ጭራ እንዲረዝም ተደርጎ አየሩ ሳይናወጥ እንዲያልፍ መደረጉ ነው።

የሳሳ አየር ለማን ይጠቅማል?

የድሬዳዋ አካባቢ ከባሕር ወለል 1,160 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን አንድ ሜትር ኩብ አየር 1 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። በባሕር ወለል በ15 ዲግሪ ግን 1.225 ኪሎ ግራም ነው። በመሆኑም በመልካ ጀብዱ የአየር ተቃውሞው በ18 በመቶ ያህል ይቀንሳል።

ይሁን እንጂ የቤንዚን ሞተርም የሚተነፍሰው ይህንኑ አየር ነው። ኦክስጅኑ ሲቀንስ ቱርቦ የሌለው ሞተር አቅሙም በዚያው መጠን ገደማ ስለሚወድቅ ትርፉ ይጠፋል። ቱርቦ አየሩን አምቆ በማስገባት ከጉድለቱ የተወሰነውን ይመልሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 ያንግዋንግ ዩ 9 ኤክስትሪም የተባለው የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና በጀርመን 496.22 ኪ.ሜ. አስመዝግቧል። ይኸው መኪና በመልካ ጀብዱ ቢሞከር፣ በስሌት ደረጃ ፍጥነቱ በ7 በመቶ ጨምሮ ወደ 530 ኪ.ሜ. ይጠጋ ነበር።

ከፍታው ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 15 ቀን 1997 በጄት ሞተር የሚገፋው ትረስት ኤስ ኤስ ሲ 1,227.985 ኪ.ሜ. በሰዓት ያስመዘገበው በአሜሪካ ኔቫዳ፣ 1,190 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው የብላክ ሮክ በረሃ ነው። ነፋስ ወይም ቁልቁለት እንዳያግዝ ሲባልም የተመዘገበው በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫዎች የተደረገው ጉዞ አማካይ ነው። ከላይ የጠቀስናቸው የሺሮንና የያንግዋንግ ውጤቶች ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የተለኩ ናቸው።

ጎማና ፍሬን

አየሩ ቢፈቅድም ጎማ ይከለክላል። በ490 ኪ.ሜ. ፍጥነት 70 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ በሴኮንድ 62 ጊዜ ያህል ይዞራል። በጎማው ጠርዝ ያለች አንዲት ግራም ላስቲክ ከቦታዋ እንዳትወጣ ከ5 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ዕቃ የሚፈጥረውን ያህል ኃይል ሊይዛት ይገባል። የመልካ ጀብዱ ሙቀት ደግሞ ይህን ፈተና ያከብደዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ግን መቆም ነው። የእንቅስቃሴ ጉልበት ከፍጥነት ካሬ ጋር ያድጋል። በደረቅ አስፋልት በ60 ኪ.ሜ. የሚሄድ መኪና ፍሬን ከተያዘበት ቅጽበት አንሥቶ በ20 ሜትር ገደማ ይቆማል፤ በ120 ኪ.ሜ. ግን 80 ሜትር ያህል ይፈልጋል። አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሴኮንድ ቢወስድበት ርቀቶቹ ወደ 37 እና 113 ሜትር ያድጋሉ። የሳሳው አየርም እዚህ ላይ ምንም አይረዳም።

ክብረ ወሰን የሚሰበረው ሰውና እንስሳ በሌሉበት፣ አስቀድሞ በተጠረገ መንገድ ላይ ነው። የእኛ መንገድ ግን ባጃጅ፣ ከባድ መኪና፣ ግመልና ተማሪ የሚጋሩት ነው። ስለዚህ ነገ መሪ የሚጨብጥ አንባቢ «ምን ያህል ይፈጥናል?» ከማለቱ በፊት «በስንት ሜትር ይቆማል?» ብሎ ያስላ።