ርካሹ መሬት ምን ጎደለው?

እትዬ፤
የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። ማታ አረጋውያን መንከባከቢያ እሠራለሁ፣ ቀን ኡበር እነዳለሁ፤ ያገኘሁትን ሁሉ ግን የቤት ኪራይ ይበላዋል። በደቡብ ኮሎራዶ፣ ሳን ሉዊስ ሸለቆ፣ አምስት ኤከር መሬት በጥቂት ሺህ ዶላር ይሸጣል። አባቴ ጎጃም ውስጥ በአንድ ጥማድ በሬ ሰባት ልጅ አሳድጓል። እኔም ድንች ተክዬ፣ ዶሮ አርብቼ ከዚህ ሩጫ ልገላገል አስቤአለሁ። ባለቤቴ «አብደሃል» ትለኛለች። እርስዎስ ምን ይሉኛል?
ድካም የበዛበት፣ ከአውሮራ

መልስ፦
ወንድሜ፣ አላበድክም፤ ደክሞሃል። ሻጩ የማይነግርህን ግን ልንገርህ።

አምስት ኤከር ሁለት ሄክታር ያህል ነው፤ ለገበሬ ልጅ ያስጎመጃል። የሸለቆው ከፍታም እንደ አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ነው። የአዲስ አበባ ዝናብ ግን በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር ሲያልፍ የዚያኛው 200 ገደማ ቢሆን ነው። ውርጭ የማይመታህም በዓመት ሦስት ወር ያህል ብቻ ነው። «ጉድጓድ አስቆፍራለሁ» ትል ይሆናል። በኮሎራዶ ከ35 ኤከር ላነሰ ቦታ የሚሰጠው የጉድጓድ ፈቃድ ባብዛኛው ለቤት ውስጥ ፍጆታ ብቻ ነው፤ ድንች አታጠጣበትም። የጣሪያ ውሃም ቢሆን ሕጉ ባብዛኛው ከሁለት በርሜል፣ ከ110 ጋሎን በላይ እንድታጠራቅም አይፈቅድም። ስለዚህ ውሃ በፒክአፕ ትጭናለህ። ለዚያ ቤንዚን፣ ለቤንዚኑ ዶላር፣ ለዶላሩ ሥራ ያስፈልጋል፤ ሥራው ደግሞ ያለው ጥለኸው በመጣኸው ከተማ ነው። የመሬት ግብሩም በየዓመቱ ይከተልሃል፤ ለሽንት ቤቱም ፈቃድ ትጠየቃለህ።

ቴድ ኮኖቨር የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፊ እዚያው ሸለቆ መሬት ገዝቶ እየተመላለሰ ኖሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 መጽሐፍ አሳትሞበታል። እሱ ራሱ የጀመረው ለነዋሪዎቹ የማገዶ እንጨት በሚያድል የእርዳታ ድርጅት በጎ ፈቃደኛ ሆኖ ነው። ከዘመኑ ኑሮ ርቀው የሰፈሩትም ክረምቱን የሚሻገሩት የሰው እጅ እያዩ ነው ማለት ነው።

አባትህስ መቼ ብቻውን ኖረ? አጨዳ ሲደርስ ደቦ ይጠራል፤ አንድ በሬው ቢሞትበት ከጎረቤት መቀናጆ ያገኛል፤ ሐዘን ሲመጣ አገሩ ይቆምለታል፤ ጨውና ጋዝ ከገበያ ይሸምታል። አንተ ልትገዛ ያሰብከው ዝናብም ደቦም የሌለውን መሬት ነው። የረከሰውም ለዚህ ነው።

ምክሬ ይኸው። መጀመሪያ እረፍ፤ ከሁለቱ ሥራ አንዱን ለመቀነስ ከባለቤትህ ጋር ተቀምጠህ ወጪህን አስላ፣ ዕቁብም ግባ። አፈር ከናፈቀህ ዴንቨር ኧርባን ጋርደንስ የተባለ ድርጅት በዴንቨርና በአካባቢዋ ጓሮ የሌለው ሰው የሚተክልበት የጋራ ቦታ አለው፤ እዚያ ጎመንና ቃሪያ ዝራ። ሐሳብህ ካልተለወጠ፣ ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት የካውንቲውን ጽሕፈት ቤት ስለ ጉድጓዱና ስለ ሽንት ቤቱ ጠይቅ፤ ከዚያ በጃንዋሪ ባለቤትህን ይዘህ ሄደህ አንድ ሳምንት እደሩበት። እሷ ያን ሳምንት አይታ «እሺ» ካላለች አትፈርም።