ደመናው ሲነሣ



የተመኘነው የትምህርት ክፍል ባይደርሰን ወይም ሥራ ቢዘገይብን ብዙዎቻችን ዕድላችን ያበቃ ይመስለናል። የእስራኤል ጉዞ ግን ሌላ ነገር ያስተምረናል።

በግብፅ ሳሉ የየዕለቱ የጡብ ቁጥር ተቆርጦ ይሰጣቸው ነበር (ዘጸ. 5)፤ ያ የተወሰነ ኑሮ ግን ባርነት ነበር። ነጻ ከወጡ በኋላ የጉዞ ቀጠሮ አልነበራቸውም። ደመናው ከድንኳኑ ሲነሣ ይነሣሉ፤ ሲያርፍ ይሰፍራሉ። አንዳንዴ ከማታ እስከ ጧት ብቻ፣ አንዳንዴ ሁለት ቀን፣ ወር ወይም ከዚያ በላይ ይቆዩ ነበር (ዘኁ. 9)።

ታዲያ ሥራ ፈትተው ተቀመጡ ማለት ነውን? አይደለም። የቀዓት ልጆች ንዋያተ ቅድሳቱን፣ የጌድሶን ልጆች መጋረጃዎቹን፣ የሜራሪ ልጆች ሳንቃዎቹንና ምሰሶዎቹን እንዲሸከሙ ታዝዘው ነበር (ዘኁ. 4)። የሚነሡበትን ቀን ባያውቁም እያንዳንዱ ሸክሙን ያውቃል።

እኛም የሚመጡትን ዓመታት ባናውቅ የዛሬውን ድርሻችንን አናጣም። ትምህርታችንን እናጥና፤ ቤተሰባችንን እንርዳ፤ ጸሎታችንን እናድርስ። ሸክሙን አዘጋጅቶ ለሚጠብቅ ሰው መንገዱን አስቀድሞ አለማወቅ እስራት አይሆንበትም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።