ጫማውን አይተሻል?

ቆዪ፣ ጽሑፍሽን አትዝጊው። መተላለፊያው ላይ የጣልሽው ጫማ ሊደፋኝ ነበር፤ ቢሆንም በደህና ደርሻለሁ፣ ከኋላሽ ቆሜ ልጨርሰው። «በስታር ትሬክ ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ ክፍል የለም። አለቀስኩ። ከአሥር አሥር።» በቃ? ይኸው ነው?

ማልቀስሽን አልነቅፍም። የጻፍሽለትን ክፍል፣ «ዘ ኢነር ላይት»ን፣ ሳይ እኔም አልቅሻለሁ። ግን እህቴ፣ ሽንኩርትም ያስለቅሳል። ምን እንዳስለቀሰሽ ካልነገርሽኝ ስለ ድራማው ሳይሆን ስለ ዓይንሽ ነው የጻፍሽው።

በመጀመሪያ ላላየው ሰው ታሪኩን በአጭሩ ንገሪው። ካፒቴን ፒካርድ በኢንተርፕራይዝ መንኮራኩር ላይ ቆሞ ሳለ ከማትታወቅ ሰው አልባ መንኮራኩር የወጣ ጨረር ይመታውና ይወድቃል። ሲነቃ ካታን በምትባል ዓለም ውስጥ ነው። ሁሉም ካሚን ይሉታል፤ ብረት ሠሪ ነው፣ ኤሊን የምትባል ሚስት አለችው። ዓመታት ሙሉ «እኔ ካሚን አይደለሁም» እያለ ሰማዩን ያያል። ውሎ አድሮ ይለምዳል፤ ይወልዳል፣ ሚስቱን ይቀብራል፣ የልጅ ልጅ ያያል፣ ድርቁም ከዓመት ዓመት ይከፋል። 40 ዓመት ገደማ ይኖራል። ኢንተርፕራይዝ ላይ ግን ያለፈው 25 ደቂቃ ብቻ ነው። ያ ሕዝብ ፀሐዩ ፈንድታ ካለቀ 1000 ዓመት ሆኖታል፤ ጨረሩም እንዳይረሱ የላኩት ትዝታቸው ነበር። እዚህ ላይ አቁሚ። ትዕይንት በትዕይንት ከተረክሽው ሰውየው ምን ቀረው ብሎ ያያል?

ወደ ፍርዱ ስትገቢ አንድ ነገር ሞክሪ። ሳይንሱን ከታሪኩ አውጪው። ምን ይቀራል? ድርቅ ባለበት ከተማ ያገባ፣ የወለደ፣ ያረጀ ሰው። ደግ ታሪክ ነው፣ ግን ሌላም ቦታ ታገኚዋለሽ። አሁን ደግሞ ትዳሩን አውጪና ጨረሩን ብቻ አቆዪው። ስለጠፋ ሕዝብ የሚናገር የሙዚየም መግለጫ ይሆናል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን የትኛውም የታሪክ መጽሐፍ የማይችለውን ይሠራሉ፤ የጠፋውን ሕዝብ የሚያስታውሰው ሰው ራሱ ከነሱ አንዱ ሆኖ የኖረ ነው። ጥሩ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። መሣሪያው ለጌጥ አልገባም፤ ያለ እሱ ያ ኀዘን ሊኖር አይችልም።

ቀጥለሽ እጁን እዪ፤ የሠሪውን እጅ ማለቴ ነው። 40 ዓመት እንዴት አንድ ሰዓት እንኳ በማይሞላ ክፍል ውስጥ ይገባል? በንግግር አይገባም። በዕቃ ነው የገባው። ጫማውን አይተሻል? ኤሊን ባሏ ጫማውን በየቦታው መተዉ ያስመርራታል። ትንሽ የቤት ንዝንዝ ነው፣ ፈገግ ብለሽ ታልፊዋለሽ። አርጅታ ስትሞት ግን የመጨረሻ ቃሏ ያው ነው፦ ጫማህን አንሣ። እሱም ቃል ይገባላታል። «እወድሃለሁ» ብትል ኖሮ እንደማንኛውም ድራማ ይሆን ነበር። አብረው ያረጁበትን ዘመን ሁሉ በአንድ ጥንድ ጫማ ነገሩሽ። ካሚን የሚነፋው ዋሽንትም እንደዚያው ነው፤ መጀመሪያ ዜማ አይወጣለትም፣ ዕድሜው ሲገፋ ያሳምረዋል። እንባሽ ከየት እንደመጣ ስትፈልጊ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ጣትሽን አድርጊ።

ይኼ ክፍል ሁጎ ሽልማት እንዳገኘ መጻፍ ትፈልጊ ይሆናል። ልክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ታይቶ በ1993 ነው የተሸለመው። ግን ሽልማቱን ምስክር አድርገሽ አትጥሪው፤ ዳኛዋ አንቺ ነሽ። የፒካርድ ተዋናይ የፓትሪክ ስቱዋርት የገዛ ልጅ ዳንኤል የካሚንን ልጅ ሆኖ መሥራቱም ደስ የሚል ወሬ ነው፤ ለክፍሉ ነጥብ ግን አይጨምርም። ይልቅ የስቱዋርትን ትከሻ ተመልከቺ። ሜካፑ ፊቱን አስረጅቶታል፤ አረማመዱን ያስረጀው ግን ራሱ ነው።

«ከሁሉም ይበልጣል» ያልሽውን ደግሞ ለሁለት ክፈዪው። አንዱ ጥያቄ ክፍሉ ለብቻው ጥሩ ነው ወይ የሚል ነው። ሌላው ተከታታዩን በደንብ ተጠቅሞበታል ወይ የሚል ነው። «ዶክተር ሁ» በሚባለው ሌላ ተከታታይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2007 የታየውን «ብሊንክ»ን አስታውሺ። ዋናው ሰው ብዙም አይታይበትም፣ ተከታታዩን አይቶ የማያውቅ ሰው እንኳ እስከ መጨረሻው ይፈራል። «ዘ ኢነር ላይት» ከዚያ ይለያል። ፒካርድ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ልጆች አጠገቡ ሲመጡ የሚጨንቀው፣ ትዳሩ መንኮራኩሩ የሆነ ሰው ነው። አምስት ሲዝን ያወቅነው ያ ሰው ነው ሳይመኘው አባትና አያት የሆነው። አዲስ ተመልካች ለኤሊን ያለቅሳል። የከረመው ግን ለፒካርድ ያለቅሳል። አንቺ ለማን አለቀስሽ? እሱን ጻፊው።

ጉድለቱንም አትሸፍኚለት፤ ነውሩን ያላወቅሽውን ነገር ወደድኩት አትበዪ። ሮኬት ለማምጠቅ ገና የሚንገዳገድ ሕዝብ በሰው አእምሮ ውስጥ ሙሉ ዕድሜ የሚያኖር መሣሪያ እንዴት ሠራ? ከዚህ የሚከብደው ደግሞ ሰውየውን ፈቃዱን አለመጠየቃቸው ነው። አንድ ዕድሜ ጭነውበት ሄዱ፤ ክፍሉ ግን ውብ ስጦታ አድርጎ ያሳየናል። በሚቀጥለው ክፍል ደግሞ ፒካርድ ምንም እንዳልሆነ ሰው ወደ ሥራው ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1993 «ሌሰንስ» በሚባለው ክፍል ዋሽንቱ መመለሱ እውነት ነው፤ ለ40 ዓመት ኀዘን ግን ትንሽ ነው። ይህን ሁሉ ጽፈሽ ክፍሉ አሁንም ከቆመ፣ ያኔ «ምርጥ» ማለትሽ ክብደት ይኖረዋል፤ ሰውም ያምንሻል። በኔ ሚዛን ይቆማል። አሥር ግን አልሰጠውም፤ ያ የፈቃድ ጉዳይ ስላልተጠየቀ ዘጠኝ።

መጨረሻውን እንዴት እንደዘጉት ደግሞ ልብ በዪ። ከሰው አልባዋ መንኮራኩር ውስጥ የተገኘውን ሣጥን ያመጡለታል። ይከፍተዋል፣ ዋሽንቱ ነው። ደረቱ ላይ ያቅፈዋል፤ ከዚያ ብቻውን በመስኮቱ አጠገብ ቆሞ ይነፋል። የሚያብራራ ሰው የለም፣ «ምን ተሰማህ?» የሚል ጓደኛ አይገባም። አንቺም ጽሑፍሽ የሚበቃው ላይ ሲደርስ «ስለዚህ ሁላችንም ከዚህ የምንማረው» ብለሽ አትቀጥዪ።

በዪ፣ አሁን ከመጀመሪያው ጀምረሽ ጻፊው። ግን አስቀድመሽ ተነሺና ጫማሽን ከመተላለፊያው አንሺ።