የሰፈራችን የአረጋውያን ቤት እንዳይዘጋ፦ ደረጃ በደረጃ

የመርካቶው አማኑኤል ሰፈር መስጠት ያውቃል። ወር በገባ በ28 ዳቦና ንፍሮ ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የሚሄደው ብዙ ነው፤ በረመዳን ጾመኛ የሚያስፈጥረውም እንዲሁ። ለአረጋውያን መጦሪያም በገናና በፋሲካ ሰንጋ ይገባል። ሐምሌ ሲመጣ ግን የጤፉ ጆንያ ይጎድላል፣ ኪራዩ ይደርሳል፣ አስታማሚዋም ያለ ደመወዝ ትከርማለች። እንዲህ ያለው ቤት የሚዘጋው በሁለት በዓላት መካከል ነው። ስለዚህ ሥራችን የበዓሉን ስጦታ የየወር ግዴታ ማድረግ ነው። እቁብና እድር ለለመደ ሰፈር ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም።

1. ደብዳቤውን አንብቡ

«ሊዘጋ ነው» የሚል ወሬ ስትሰሙ ገንዘብ ለመሰብሰብ አትሩጡ። መጀመሪያ ምክንያቱን እወቁ። አከራዩ ቤቱን ፈልጎት ነው? ቦታው ለልማት ተፈልጎ ነው? የፈቃድ ወይም የኦዲት ጉድለት ነው? ወይስ ቀለብና ደመወዝ አልቆ? የፈቃድን ጉድለት ዱቄት አይሞላውም። ደብዳቤ ተጽፎ ከሆነ ማን እንደ ጻፈው፣ ቀኑንና የሰጠውን የጊዜ ገደብ መዝግቡ።

2. አረጋውያኑን በየስማቸው መዝግቡ

ለእያንዳንዳቸው አንድ ገጽ ይኑራቸው፦ ስም፣ የመጡበት ቦታ፣ ዘመድ፣ የሚወስዱት መድኃኒት፣ የነዋሪነት መታወቂያ። ምን እንደሚፈልጉም እነሱኑ ጠይቋቸው። «እማማ፣ እዚሁ መኖር ይሻልዎታል ወይስ ከዘመድ ጋር?» ብሎ ማንም ያልጠየቃቸው እናት ይኖራሉ። መክፈል የማይችሉት በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን እንዲታቀፉ ወረዳውን ጠይቁ፤ የሕክምና ወጪው ለቤቱ ይቀልለታል።

3. እድሮችን ሰብስቡ

ኮሚቴ አቋቁሙ፤ ከየእድሩ አንድ ተወካይ፣ አንድ የሒሳብ ባለሙያ፣ አንድ ነርስ፣ አንድ ነጋዴ፣ አንድ ወጣት፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ አንዳንድ ሰው፣ ከአረጋውያኑም አንድ ይኑሩበት። ቃለ ጉባኤ ያዙ። የባንክ ሒሳቡ በቤቱ ስም ይሁን፤ ገንዘብ የሚወጣውም ቢያንስ በሁለት ሰው ፊርማ ይሁን። መርካቶ ያላየውን ሒሳብ አያምንም፤ ልክም ነው።

4. የወሩን ወጪ በአንድ ቁጥር ተናገሩ

«እርዱን» የሚል ቃል ለሰሚው አይጨበጥም። ለምሳሌ 30 አረጋውያን ቢኖሩና የአንዱ የቀን ወጪ 150 ብር ቢሆን፣ በ30 ቀን 135,000 ብር ይመጣል። ይህ በወር 500 ብር የሚያዋጡ 270 ሰዎች ማለት ነው። 270 ሰው ደግሞ የጥቂት እድሮች አባላት ድምር ነው። የራሳችሁን ቁጥር በዚሁ ስሌት አውጡና በየእድሩ ስብሰባ ላይ አንብቡት። የመዋጮውን ቀን ሰው በማይረሳው ቀን አድርጉት፤ ለአማኑኤል 28 ጥሩ ቀን ነው።

5. ለየተራው ድርሻውን ስጡ

መርካቶ በተራ የተደራጀ ገበያ ነው፤ ጥያቄውም በተራ ይሂድ። እህል በረንዳ የወሩን እህል፣ በርበሬ በረንዳ በርበሬውን፣ ሸማ ተራ ጋቢውን ይያዝ። የምናለሽ ተራ ባለ እጆች የተሰበረ አልጋና ተሽከርካሪ ወንበር መጠገን ይችላሉ። ሰው የሚረሳቸውን ደግሞ እናንተ አስታውሱ፦ የአዋቂ ዳይፐር፣ ሳሙና፣ የአንሶላ ቅያሪ። ለነጋዴው ሕጉንም ንገሩት፤ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅት የተሰጠ ስጦታ በማስረጃ ሲደገፍ እስከ ግብር የሚከፈልበት ገቢ 10 በመቶ ድረስ በወጪ እንዲያዝ ፈቅዷል። ስለዚህ ደረሰኝ ሳትቆርጡ ምንም አትቀበሉ።

6. ሕጉን አሟሉ፣ በሕጉም ጠይቁ

የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ድርጅቶች ዓመታዊ ሪፖርት እንዲያቀርቡ ያዛል። ለሌሎች ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪም ከገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይወስናል። ይኸው አዋጅ ዓላማን ለማሳካት በሚውል ገቢ ማስገኛ ሥራ መሰማራትን ይፈቅዳል፤ እንጀራ ጋግሮ መሸጥ ወይም የድግስ ዕቃ ማከራየት ለቤቱ ቋሚ ገቢ ሊሆን ይችላል። የጎደለውን ካሟላችሁ በኋላ ለወረዳው ጻፉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41(5) መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ይደነግጋል፤ ይህን ጠቅሳችሁ ተለዋጭ ቦታ ወይም የተወሰኑ ወራት ጠይቁ። ገቢ የሆነበት ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ አስቀምጡ።

7. ሰው ወደ ቤቱ ይግባ

ቢኒያም በለጠ የመሠረተው መቄዶንያ በጥቂት ሰዎች ተጀምሮ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ይጦራል። ሰዎች ልደታቸውን፣ ሠርጋቸውን፣ የወዳጃቸውን ሙት ዓመት ከአረጋውያኑ ጋር እየበሉ ያሳልፋሉ። ይህን ወደ ሰፈራችን ቤት አምጡት። ከእማማ እጅ ምርቃት የተቀበለ ሰው የዚያን ቤት መዘጋት ዝም ብሎ አያይም።

8. መዘጋቱ የግድ ከሆነ

ማንም ጎዳና ላይ እንዳይወድቅ ሌላ ማረፊያ አስቀድማችሁ ፈልጉ። ጓደኛሞችን አትለያዩ። እያንዳንዱ ከነመድኃኒቱና ከነገጹ ይረከብ፤ በአዲሱ ቤትም ሄዳችሁ ጎብኙት።

አማርኛችን «ጧሪ ቀባሪ» ሲል ጧሪን ያስቀድማል። እድሮቻችን መቅበሩን ከማንም በላይ ያውቁበታል፤ ድንኳኑም፣ ሣጥኑም፣ ለቀስተኛውም በሰዓቱ ይደርሳል። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ እጃችሁን አውጡና ይህ ጉዳይ በአጀንዳ ይያዝ በሉ። እድራችን ከመቅበሩ በፊት ይጡር።