የሚከታተል ካሜራ እንዴት ይመዘናል?

በልደታ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ሱቅ ያለው ነጋዴ የጥበቃ ካሜራ ሲገዛ፥ ሻጩ «ይህ መሣሪያ ሰውን ለይቶ ይከታተላል» ይለው ይሆናል። ነገሩ እውነት መሆኑ የሚታወቀው ግን ሲመዘን ነው።

መሣሪያው ለእያንዳንዱ ሰው ቁጥር ሰጥቶ፥ ከምስል ወደ ምስል በዚያው ቁጥር ሊከተለው ይገባል። ስሕተቱም ሦስት ዓይነት ነው፤ ያለውን ሰው ሳያይ መቅረት፥ የሌለውን አለ ማለት፥ የአንዱን ቁጥር ለሌላው መስጠት።

«ሞታ» በተባለው ሚዛን፥ ሦስቱ ስሕተቶች ተደምረው ሰዎቹ በየምስሉ በእርግጥ ለታዩበት ብዛት ይካፈላሉ፤ የተገኘውም ከ1 ይቀነሳል። ለምሳሌ ከ200 መታየት 20 ቢያመልጠው፥ 10 በሐሰት ቢጨምር፥ 6 ጊዜ ቁጥር ቢያለዋውጥ፥ ስሕተቱ 36 ነው፤ ውጤቱም 82 ከመቶ ይሆናል።

ይሁን እንጂ 82 ያገኙ ሁለት መሣሪያዎች ሁልጊዜ እኩል አይደሉም። ዕቃ የሰረቀውን ለይቶ ለማወቅ ለሚሻ ነጋዴ ከሁሉ የሚከፋው የቁጥር መለዋወጥ ነው፤ በሌባው ፈንታ ንጹሕ ደንበኛ ሊጠረጠር ይችላልና።

ስለዚህ ክቡራን ነጋዴዎች፥ የሻጩን ፊልም ብቻ አይተው አይወስኑ። በራስዎ ሱቅ፥ ገበያተኛ በሚበዛበትና ብርሃን በሚያንስበት ሰዓት በተነሣ ፊልም ያስፈትኑ፤ ሦስቱንም ስሕተቶች ለየብቻቸው ይቍጠሩ።