ስለት፣ ባሌስትራና የሰሊጥ አጨዳ

በዚህ ዓመት የመጀመሪያው መንፈቅ ሊጋመስ ሲል በእረፍት ሰዓት ከውኃ ታንከሩ ጀርባ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆች ተሰብስበው አገኘን። ውኃ የተሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች በግንቡ ላይ ደርድረው፣ በአንድ ምት ስንት ጠርሙስ ይቆረጣል እያሉ በቢላዋ ይፎካከሩ ነበር። ከጨዋታው ተመልካቾች አንዳንዶቹ ከመቺው ክንድ አንድ እርምጃ እንኳ አይርቁም። አራት ቢላዎች ወሰድን፣ ወላጆችንም ጠራን። ነገሩ በዚያ ሊያልቅ ይችል ነበር። ነገር ግን ከልጆቹ አንዱ አንገቱን ደፍቶ፣ «መምህር፣ በስልክ ያየነው ግን እውነተኛ ስፖርት ነው ወይስ ውሸት?» ብሎ ጠየቀን። ጥያቄ የጠየቀ ተማሪ መልስ ይገባዋልና ይህን ትምህርት ለዓመታዊ መጽሔታችን አዘጋጀን።

መልሱ እውነት ነው የሚል ነው። በአሜሪካ አገር በቢላዋ የመቁረጥ ውድድር አለ። መነሻው ለጨዋታ ሳይሆን ለሙያ ፈተና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 ቢል ሞራን የተባለ ቀጥቃጭ ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር የአሜሪካን የቢላዋ አንጥረኞች ማኅበር መሠረተ። ማኅበሩ አንድን ሰው በሙያው ለማሳደግ ወረቀት ላይ አይፈትነውም። ራሱ የሠራውን ቢላዋ ይዞ ይቀርባል። በመጀመሪያ አንድ ኢንች ውፍረት ያለውንና በነፃ የተንጠለጠለውን ገመድ በአንድ ምት መቁረጥ አለበት። ቀጥሎ ሁለት በአራት ኢንች የሚባለውን ጣውላ ሁለት ጊዜ ቆርጦ ይጥላል። ከዚያ በኋላ በዚያው ስለት የክንዱን ጠጉር ይላጫል። በመጨረሻም ቢላዋው በማሰሪያ ተይዞ 90 ዲግሪ ይጎብጣል፤ ለሁለት ከተሰበረ ሠሪው ወደቀ ማለት ነው። ጠንካራ ሆኖ የማይሰበር፣ ስል ሆኖ የማይደንዝ ቢላዋ መሥራት ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ ፈተና ይታያል።

ውድድሩ የመጣው ከዚህ ነው። ተወዳዳሪው በሰዓት እየተለካ ጣውላ፣ ገመድ፣ የውኃ ጠርሙስና ሌላም ነገር በቅደም ተከተል ይቆርጣል። የቢላዋው ስለት ከ10 ኢንች (25 ሴንቲ ሜትር ያህል)፣ ጠቅላላ ርዝመቱ ከ15 ኢንች፣ ስፋቱም ከ2 ኢንች አይበልጥም። ልጆቻችን በስልክ ያላዩት ወይም አይተው ያላስተዋሉት ሌላ ነገር አለ። እጀታው ላይ ገመድ ታስሮ ከተወዳዳሪው እጅ ጋር ይያያዛል፤ እጅ ላብ ቢያሟልጨው ቢላዋው ወደ ሰው እንዳይወረወር ነው። ቢላዋው ሳይመረመር፣ ተወዳዳሪውም የደኅንነት ሥልጠና ሳይወስድ አይገባም። ተመልካች የሚቆመው ከሩቅ ነው። ከታንከሩ ጀርባ ከነዚህ አንዱም አልነበረም።

አሁን ወደ ፊዚክሱ እንለፍ። የእኛ ልጆች ጠርሙሶች አብዛኞቹ አልተቆረጡም፤ ተገፍተው ወደቁ እንጂ። ለምን? ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል ነው። 50 ኒውተን ኃይል በ50 ሚሊ ሜትር ስለት ላይ አረፈ እንበል። የደነዘዘው ስለት ጠርዝ 0.1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢኖረው የሚነካው ስፋት 5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ግፊቱም 10 ኒውተን በካሬ ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጠርዙ ተስሎ ወደ 0.01 ሚሊ ሜትር ቢቀጥን ግን በዚያው ኃይል ግፊቱ 100 ይደርሳል። ጠርሙሱ በግንቡ ላይ የሚቆመው በክብደቱ ነው። ስሉ ስለት ጠርሙሱ ለመንቀሳቀስ ጊዜ ሳያገኝ ያልፍበታል፤ ደነዙ ግን ይገፋዋል። እናቶቻችን ሽንኩርት ሲከትፉ በደነዘ ቢላዋ ላይ የሚያማርሩትም ለዚህ ነው። ደነዝ ቢላዋ ብዙ ኃይል ይጠይቃል፤ ብዙ ኃይል የወጣበት ቢላዋ ደግሞ ሲያመልጥ በኃይል ያመልጣል። ስለዚህ ስል ከሆነው ይልቅ ደነዙ ብዙ ጊዜ እጅ ይቆርጣል።

ከተወሰዱት ቢላዎች ሁለቱ በገዳሪፍ ገበያ ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጡ ነበሩ። ይህን ስናይ ደስ ማለታችንን አንሸሽግም፤ ጥሩ ትምህርት በእጃችን ወድቋልና። ባሌስትራ ማለት የሎሪን ክብደት ተሸክሞ ሲጎብጥ ወደ ቦታው የሚመለስ አረብ ብረት ነው። በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠራባቸው የባሌስትራ ብረቶች አንዱ 0.6 በመቶ ያህል ካርቦንና ጥቂት ክሮሚየም አለው። ለቤት መሥሪያ የሚሆነው ተራ ብረት ካርቦኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.3 በመቶ በታች ስለሆነ ቢያግሉትና ቢያጠልቁት ለስለት የሚበቃ ጥንካሬ አያገኝም። የውድድር ቢላዋ ሠሪዎች ከሚመርጧቸው አንዱ ሲፒኤም ኤም 4 የሚባለው ብረት ደግሞ 1.4 በመቶ ያህል ካርቦን ከቫናዲየም፣ ከተንግስተንና ከሞሊብዲነም ጋር ይዟል። ውድ ነው፤ ለመሳልም ያስቸግራል። ለእኛ ሥራ ባሌስትራው ይበቃል።

ከእኛ በስተሰሜን ያሉት የከሰላ ቀጥቃጮች የቤጃ ሰዎች የሚታጠቁትን ካስካራ የተባለ ቀጥ ያለ ሰይፍ ከዚሁ ከመኪና ባሌስትራ ሲሠሩ ኖረዋል። ቀጥቃጩ ብረቱን በወናፍ እያጋለ በመስፍ ላይ በመዶሻ ያወጣዋል። ብረቱ 770 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም፤ ማግኔት ያለው ሠራተኛ ሙቀቱን በዚህ ይለያል፤ የሌለው በቀለሙ ይለያል። ከዚያ በላይ ጥቂት አግሎ በዘይት ውስጥ ያጠልቀዋል። ውኃ እንዲህ ላለው ብረት ይፈጥንበታልና ሊሰነጥቀው ይችላል። አሁን ብረቱ እንደ ብርጭቆ ጠንካራም ተሰባሪም ነው። ስለዚህ መልሶ በለስላሳ እሳት 200 ዲግሪ ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ ያሞቀዋል። የተወለወለው ብረት ቀለም የገለባ ዓይነት ቢጫ ሲሆን ይበቃል። ይህችን የመጨረሻ ሥራ የዘለለ ቀጥቃጭ የሚያምር ግን ዛፍ ሲነካ የሚሰበር ቢላዋ ይሸጣል።

ሌላም ስውር አደጋ አለ። ባሌስትራው ለዓመታት በእነዚህ መንገዶች ሲንገጫገጭ ኖሮ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። ስንጥቁ ከቢላዋው ጋር አብሮ ይቀጠቀጣል። በስልክ የታየውን ምት በእንዲህ ያለ ቢላዋ መሞከር ስባሪ ብረት ወደ ጓደኛ ዓይን መላክ ነው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ከልጆቹ መካከል ቢላዋውን የሠራውን ሰው በንቀት ቃል የጠራ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከልክለው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ፣ ድንበር ተሻግረን እንኳ ያን ስድብ ይዘነው መምጣታችን አሳፍሮናል።

ወላጆች ግን በይበልጥ እንዲያነቡልን የምንፈልገው ቀጥሎ ያለውን ነው። በእኛ አካባቢ እውነተኛው የመቁረጥ ውድድር ያለው በሰሊጥ እርሻ ነው። የሰሊጥ ፍሬ መያዣው ሲደርቅ ከአናቱ ይከፈትና ዘሩ ይረግፋል። ስለዚህ የታችኞቹ ፍሬዎች ቢጫ መሆን ሲጀምሩ፣ ሳይከፈቱ መታጨድ አለበት። ማሽላውን ኮምባይን ያጭደዋል፤ ሰሊጡ ግን በአብዛኛው በእጅ ነው። ቀኑ አጭር፣ ማሳው ሰፊ፣ ክፍያውም በታጨደው ፈዳን ልክ ነው። ፈጥኖ ያጨደ ብዙ ያገኛል። ዳኛ የለም፣ ርቀት የለም፣ እረፍትም የለም።

አጫጁ አገዳውን በግራ እጁ ይይዛል፤ ማጭዱን በቀኝ እጁ ወደ ራሱ ይስባል። ማጭዱ ሲያመልጥ የሚያገኘው የግራ እጅ ትንሿን ጣት ወይም ቅልጥምን ነው። ባለፈው ዓመት አጨዳ ከተማሪዎቻችን አንዱ በዚህ ሁኔታ ጅማቱ ተቆርጦ መጣ። ቁስሉ ላይ ቡና ተነስንሶ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በአራተኛው ቀን ነበር ያየነው። ጣቱ እስከ ዛሬ አይታጠፍም። ወላጆቹ ለምን እንደላኩት እናውቃለን፤ የቤት ኪራይና የዱቄት ዋጋ ለእኛም የተሰወረ አይደለም። ቢሆንም ከ8ኛ ክፍል በታች ያለ ልጅ ማጭድ ይዞ ከጎልማሳ ጋር እንዳይሽቀዳደም እንለምናለን። ትልልቆቹም የሚሄዱ ከሆነ ማጭዱ ሁልጊዜ ይሳል፣ የላላ እጀታ ይጠበቅ፣ በአጫጆች መካከል ቢያንስ የሁለት ክንድ ያህል ርቀት ይኑር፣ ከማሳ ሲመለሱም ስለቱ በጨርቅ ይጠቅለል።

እጅ ከተቆረጠ በንጹሕ ጨርቅ ቁስሉን አጥብቆ መጫን፣ እጁንም ከልብ በላይ ከፍ ማድረግ ነው። ደሙ ሲቆም በንጹሕ ውኃና በሳሙና ይታጠብ። ቡና፣ አፈር፣ የጥርስ ሳሙና አይደረግበት። ጣት የማይታጠፍ ወይም የደነዘዘ ከሆነ ጅማት ወይም ነርቭ ተነክቷልና በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ብዙ ሰው ቴታነስ ከዝገት ይመጣል ይላል። ዝገቱ አይደለም፤ ተህዋሱ የሚኖረው በአፈርና በእበት ውስጥ ነው። የሚያብረቀርቅ ማጭድም አፈር ነክቶ ከሆነ ሊያመጣው ይችላል። ልጅዎ መቼ እንደተከተበ ካላስታወሱ ወደ ጤና ጣቢያ ወስደው ይጠይቁ።

በሚመጣው የስፖርት ቀን የመቁረጥ ውድድር አይኖረንም። ይልቁንም የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች በመምህር ፊት ማጭድ የመሳል ውድድር ያደርጋሉ። ጠረጴዛው ላይ ማጭዱ ይታሰራል፣ ሞረዱን አንድ ተማሪ ብቻ ይይዛል፣ አሸናፊውም በስለቱ ወረቀት ሳይቀደድ በመቆረጡ ይለያል። የተወሰዱት አራት ቢላዎች በቢሯችን ተቆልፎባቸዋል። ባለቤት የሆነ ወላጅ ከልጁ ጋር መጥቶ መረከብ ይችላል፤ ከባሌስትራ የተሠሩት ሁለቱ ግን ለሳይንስ ክፍል ቢተውልን ደስ ይለናል።